ሁለቱም የግራሶ ባልዲ ላይ ቁጥር 2 ይላል፣ አንዱ ክር እየሰራ ይሳባል አንዱ ቁርጥ ይላል። የግራሶ ውፍረትና መጣበቅ በምንድነው የሚለካው?

ደረቅ_ጭነት | ማክሰኞ ማታ 2:40
ሰላም ቤቶች። ጋራዣችን አዳማ ነው፣ በብዛት የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎችን ነው የምንሰራው፣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት የሚዞረው ቤት) መክፈት፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ማየት፣ ፓራኦሊዮ (ግራሶ እንዳይወጣ የሚዘጋው ላስቲክ) መለወጥ ምናምን። ሰሞኑን ሁሌ የምንገዛው ግራሶ ከገበያ ጠፋና ሌላ ዓይነት አመጡልን። ሁለቱም ባልዲ ላይ ሊቲየም ቁጥር 2 ነው የሚለው ግን እጅህ ላይ ስታደርጋቸው ጭራሽ አይገናኙም። የድሮው ቀይ ነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርገህ ስትከፍተው ክር ሰርቶ ይሳባል። አዲሱ ሰማያዊው ደግሞ ትንሽ ጫፍ ያወጣና ቁርጥ። ሾፌሮቹ ይሄን አይተው "ይሄማ ውሃ ነው፣ ሚሌ ሳንደርስ ሞዞው ባዶ ይቀራል" ብለው በመኪናችን አታስገቡም እያሉ ነው። ባለቤቱ ደግሞ በርከት አድርጎ ስለገዛው መመለስ የሚባል ነገር የለም ይላል። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ቁጥር 2 የሚባለው በምንድነው የሚለካው፣ ማለቴ የሆነ ሰው በማሽን ለክቶት ነው ወይስ ዝም ብሎ የሚለጠፍ ነገር ነው? መጣበቁስ ቁጥር አለው? ላብራቶሪ የለኝም፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ላወዳድርበት የምችለው ዘዴ ካለ ንገሩኝ።

ጋሽ_ክሮቸራ | ማክሰኞ ማታ 3:05
ልጄ ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። ግራሶ በጣት ነው የሚታወቀው። እኛ ከኤንትሬ መኪና ዘመን ጀምሮ በጣታችን እየሳብን ነው የገዛነው፣ የሚሳበው ይይዛል፣ የሚቆረጠው ይበተናል፣ አለቀ። ሾፌሮቹ ልክ ናቸው።

ጎማ_አልባ | ማክሰኞ ማታ 3:11
ጋሽዬ ሃሃሃ በዚህ ሂሳብ እኮ ማስቲካም ሞዞ ውስጥ ሊገባ ነው

ላብ_ኮት | ማክሰኞ ማታ 4:30
ደረቅ ጭነት፣ ዘይትና ግራሶ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሰራ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፣ ከሰለቸህ ዝለለው።

ቁጥሩ በማሽን ነው የሚለካው፣ ማሽኑም ተራ ነገር ነው። ኮን ፔኔትሮሜትር ይባላል። ከዘንጉ ጋር 150 ግራም የሚመዝን ሹል ኮን ግራሶው ላይ ይለቀቃል፣ 5 ሰከንድ ይሰምጣል፣ ከዚያ ስንት እንደገባ ታነባለህ። ንባቡ በአንድ ሚሊሜትር አስረኛ ነው፣ 280 ካለ 28 ሚሊሜትር ገብቷል ማለት ነው፣ ብዙ በሰመጠ ቁጥር ግራሶው ለስላሳ ነው። ደረጃዎቹ የኤንኤልጂአይ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመ የአሜሪካ የግራሶ ማህበር ነው፣ ከ000 ጀምሮ እስከ 6 ዘጠኝ ደረጃ አለው። ቁጥር 2 ከ265 እስከ 295፣ ቁጥር 1 ከ310 እስከ 340፣ ቁጥር 3 ከ220 እስከ 250 ነው። 000 ላይ ከ445 እስከ 475 ስለሚሰምጥ ግራሶ ከምትለው ወፍራም ዘይት ብትለው ይሻላል፣ 6 ደግሞ በቢላ የሚቆረጥ ብሎክ ነው።

ጣጣው አሰራሩ ላይ ነው። ግራሶው 25 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። ጽዋው ውስጥ ስትሞላ አየር እንዳይቀር ጠረጴዛ ላይ ደጋግመህ ታንኳኳዋለህ ምክንያቱም ኮኑ የአየር ኪስ ላይ ካረፈ ዘው ነው የሚለው። ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሳህን 60 ጊዜ ላይ ታች እያልክ ታሸዋለህ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ይሄ ማሸት ዝም ብሎ ወግ አይደለም፣ ባልዲ ውስጥ ተኝቶ የከረመ ግራሶና የተነካካ ግራሶ ውፍረታቸው አንድ አይደለም፣ ባልዲው ላይ የተጻፈው ቁጥር የታሸውን ነው እንጂ ክዳኑን ስትከፍት ያየኸውን አይደለም። ከታሸ በኋላ ፊቱን በስፓቹላ ደልድለህ ኮኑን ቀስ እያልክ ታወርደዋለህ፣ ጫፉ ግራሶው ላይ ያረፈውን የራሱን ጥላ ሲገናኝ ታቆማለህ፣ አዲስ የገቡ ልጆች እጃቸው የሚንቀጠቀጠው እዚህ ጋ ነው። ሶስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። የአለካኩን ደንብ ዝርዝር ከፈለግክ ኤኤስቲኤም ዲ217 ወይም አይኤስኦ 2137 ብለህ ፈልግ።

ወደ ባልዲዎችህ ስንመጣ፣ 266 የሆነውም 294 የሆነውም እኩል ቁጥር 2 ነው የሚባለው፣ በእጅህ ብትይዛቸው ግን ልዩነቱ ይታወቅሃል፣ የዋሸ ባልዲ የለም። ሌላው ደግሞ ኮኑ መጣበቅን አያይም። ስንት ገፍቶ እንደገባ ነው የሚናገረው፣ ሲወጣ ግራሶው ስንት እንደጎተተው ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ሾፌሮቹ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ባልዲው የሚያወራው ስለ ሌላ።

ደረቅ_ጭነት | ማክሰኞ ማታ 4:52
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ ያ ክሩ በምን ይለካል? ሾፌሮቹን የማሳምንበት ነገር እሱ ነው።

ዝናብ_ሀገር | ረቡዕ ጠዋት 2:15
እኔ ጀርመን ነኝ፣ ፖሊመርና ማጣበቂያ የሚፈተሽበት ቤት ነው የምሰራው፣ ግራሶም አልፎ አልፎ ይመጣልናል።

ክሩን የሚሰራው በአብዛኛው ፖሊመር ነው። ፖሊአይሶቡቲሊን የሚባል በጣም ረጅም ሰንሰለት ያለው ነገር ትንሽ ይጨመርበታል፣ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ ስትስበው ቶሎ አይለቃቀቁም፣ ለዚህ ነው ክር የሚሆነው። ወፍራም ቤዝ ኦይልም (ግራሶው የተሰራበት ዘይት) ያግዛል፣ ዘይቱን የሚይዘው ሳሙና ዓይነትም ያግዛል።

መለኪያውን በተመለከተ እንደ ኮኑ ሁሉም የሚጠቀምበትና ባልዲ ላይ የሚጻፍ ቁጥር የለውም። "መጣበቅ ቁጥር 3" የሚል ጣሳ አታገኝም። ላብ ውስጥ የሚደረገው ጋሽ ክሮቸራ በጣታቸው የሚያደርጉትን ማሽን እንዲያደርገው ነው። ሬኦሜትር ላይ ሁለት ክብ ሳህኖች አሉ፣ መሃላቸው ግራሶ ይደረጋል፣ በተወሰነ ኃይል ይጫነዋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ የላይኛው ሳህን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ላይ ይሳባል። ስክሪኑ ላይ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ጅራት ይኖረዋል። ከዚያ ላይ ከፍተኛውን ኃይል፣ ክሩ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደተበጠሰ እና ለማላቀቅ የወጣውን ጠቅላላ ጉልበት ታነባለህ። እነዚህ ሶስቱ ሁሌ አብረው አይሄዱም እኮ። ጠንከር ያለ ግራሶ ኃይሉ ከፍ ብሎ ክሩ አጭር ሊሆን ይችላል፣ ለስለስ ያለ ፖሊመር የገባበት ደግሞ ትንሽ ኃይል ይበቃውና ክሩ ይረዝማል። ሰው "ይሄኛው የበለጠ ይጣበቃል" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በኃይል ነው በርዝመት ብዬ ነው።

ሌላ የማያት ነገር ሲላቀቅ የት ጋ እንደተበጠሰ ነው። ሁለቱም ሳህን ላይ ግራሶ ከቀረ ብረቱን ይዟል፣ የተሸነፈው የራሱ ውስጥ ነው። አንዱ ሳህን ንጹህ ሆኖ ከወጣ ግን ክሩ የፈለገ ቢያምር ብረት አልያዘም ማለት ነው።

ጋሽ_ክሮቸራ | ረቡዕ ጠዋት 2:40
ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ማሽኑም የሚስበው እንደኔ ጣት ነው። በዩሮ ገዝታችሁት እንጂ።

ዝናብ_ሀገር | ረቡዕ ጠዋት 2:58
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ዘዴው ያው ነው፣ አልክድም። ማሽኑ የሚበልጠው ሁሌ በአንድ ፍጥነት ስለሚስብ፣ በአንድ ኃይል ስለሚጫን፣ ሙቀቱን ስለሚይዝ ብቻ ነው። ጣት ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ስስ ግራሶን ወዲያው ያላላዋል፣ ደግሞ አንዱን ቀስ ብለው ሌላውን ፈጠን ብለው ከከፈቱት ውጤቱ ይለያያል፣ የወደዱትን ግራሶ ሰው ሳያውቀው ቀስ ብሎ ነው የሚስበው።

ጋሽ_ክሮቸራ | ረቡዕ ጠዋት 3:02
ይቺ እንኳን ልክ ነች። ነጋዴው ሲስብልህ ማየት ነው።

ሸንኮራ_ጥገና | ረቡዕ ቀን 6:20
እኔ ስኳር ፋብሪካ ጥገና ነኝ፣ እኛ ጋ ሁለቱም ዓይነት ስላለ ልናገር። ወፍጮው ላይ ያለው ትልቁ ክፍት ጥርስ የሚሳበውን ነው የሚፈልገው፣ በደቂቃ ጥቂት ዙር ነው የሚዞረው፣ ጭነቱ ከባድ ነው፣ ከላይ ውሃና የሸንኮራ ጭማቂ ይረጭበታል፣ ግራሶው ብረቱን ለቆ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ምን ዋጋ አለው። እዚያ ጋ መጣበቅ ማለት ስራው ራሱ ነው። ከዚያው ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ 1,500 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው፣ ያንኑ የሚሳብ ግራሶ ኩሽኔታው ውስጥ ብትጠቀጥቅበት ኳሶቹ ሲዞሩ ግራሶው ወደ ጎን ገለል ብሎ መንገድ መስጠት ሲገባው አብሮ እየተቦካ ይዞራል፣ ሞተሩ ይግላል። አንድ ጊዜ አዲስ ልጅ "ይሄ ጥሩ ይይዛል" ብሎ ሞልቶበት እጅ የማያስነካ ሆኖ ነበር የደረስንበት።

የናንተ ተሳቢ ደግሞ መሃል ላይ ነው። 12 አር 22.5 ጎማ በ80 ኪሎሜትር ሲሄድ በደቂቃ 400 ዙር ገደማ ነው። ክፍት ጥርስም አይደለም፣ ፈጣን ሞተርም አይደለም፣ በፓራኦሊዮ የተዘጋ ቤት ነው። ተዘግቶ ያለ ቤት ውስጥ ክር ምን ያደርጋል?

ውሃ የሚያሳስብህ ከሆነ ክሩን ትተህ ዳታ ሺቱ (የፋብሪካው መግለጫ ወረቀት) ላይ ዲ1264 የሚለውን ፈተና እይ። ኩሽኔታ ውስጥ ግራሶ ተሞልቶ በ600 ዙር እየዞረ በ38 ወይም በ79 ዲግሪ ውሃ 1 ሰዓት ሲረጭበት ስንት ፐርሰንት ታጥቦ እንደወጣ ይመዘናል። ክር የሚሰራ ሆኖ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ አለ፣ ቁርጥ የሚል ሆኖ የማይነቃነቅ አለ።

መርካቶ_ቀመስ | ረቡዕ ቀን 7:45
ቀለም ቀለም አትበሉ ደግሞ። ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ ማቅለሚያ ነው፣ ፋብሪካው የፈለገውን ይጨምርበታል። ገበያ ላይ ቀይ ካልሆነ አልገዛም የሚል ሰው መዓት ነው፣ ነጋዴውም ያውቀዋል። ከበርሜል ወደ ትንሽ ባልዲ እየተገለበጠ የሚሸጥም አለ፣ ባልዲው የአንድ ድርጅት ግራሶው የሌላ። ማህተሙ ያልተነካ ባልዲ ግዙ፣ ባች ቁጥር የሌለው ነገር አትንኩ።

ላብ_ኮት | ረቡዕ ማታ 1:30
ሸንኮራ ጥገና ያለው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ገና አልተነሳም።

ግራሶ ማለት ዘይት ነው፣ ሳሙና ይዞት። ኩሽኔታው ውስጥ ብረትን ከብረት የሚለየው በብዛት ከሳሙናው ቀስ እያለ የሚወጣው ዘይት ነው። ስለዚህ የዘይቱ የራሱ ቅጥነት ወይም ውፍረት፣ ቪስኮሲቲ የሚባለው፣ ከግራሶው የውፍረት ቁጥርም ከክሩም የተለየ ሶስተኛ ነገር ነው። ቁጥር 2 ግራሶ በአይኤስኦ ቪጂ (የዘይት ቪስኮሲቲ ደረጃ ነው) 100 ዘይትም ይሰራል፣ በ460 ዘይትም ይሰራል፣ ባልዲው ላይ ሁለቱም 2 ናቸው። ለከባድ መኪና ሞዞ ከ150 እስከ 220 አካባቢ ያለው ነው የተለመደው። በጣት ስትይዘው ይሄ አይታወቅህም፣ ፖሊመር የገባበት ቀጭን ዘይትም አሪፍ ክር ሊሰራ ይችላል።

ለናንተ መንገድ ከሁሉ በላይ የማየው ግን ሲታሽ ምን ያህል እንደሚላላ ነው። ከአዳማ ወርደህ አፋር ስትገባ አየሩ ብቻ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት አለ፣ ፍሬን ሲጨመርበት ሞዞው የት እንደሚደርስ አስቡት፣ በዚያ ላይ ሮለሮቹ ሲፈጩት ይውላሉ። ኮኑ ላይ ከ60 ጊዜ ሌላ 10,000 ወይም 100,000 ጊዜ ታሽቶ የሚለካበት አሰራር አለ። ዲ1831 የሚባልም አለ፣ 50 ግራም ግራሶ ሲሊንደር ውስጥ ከከባድ ሮለር ጋር 2 ሰዓት ይሽከረከራል፣ ከዚያ አነስ ባለው ኮን እንደገና ይለካል። 280 ገብቶ 300 ከወጣ ጎሽ ነው፣ 280 ገብቶ 340 ከወጣ ግን ቁጥር 2 ገዝተህ ቁጥር 1 ነው ሞዞህ ውስጥ ያለው፣ ከፓራኦሊዮው ወጥቶ ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው እንደዚህ ያለው ነው። ሾፌሮቹ "ያልቃል" የሚሉት ይሄንን ከሆነ ፍርሃታቸው ልክ ነው፣ የሚፈትሹበት መንገድ ግን ይሄን አያሳያቸውም።

ባልዲው ላይ በጀርመን አጻጻፍ ኬፒ2ኬ-30 የሚል ካለ ደግሞ እሱን አንብቡ፣ በዲአይኤን 51502 መሰረት ነው። መጀመሪያ ኬ የኩሽኔታ ግራሶ፣ ፒ ለከባድ ጫና አዲቲቭ ያለው፣ 2 ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ኬ እስከ 120 ዲግሪ፣ የመጨረሻው እስከ 30 ከዜሮ በታች። በኬ ፋንታ ኤን ካለ እስከ 140 ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ ጂሲ-ኤልቢ የሚል ካገኛችሁ ለሞዞም ለሻሲም ተፈትኗል ማለት ነው። የመቅለጫ ነጥብ ብለው የሚጽፉትን እንደ መስሪያ ሙቀት አትውሰዱት፣ ተራ ሊቲየም 180 እና 190 አካባቢ ላይ ነው የሚንጠባጠበው፣ ስራ ላይ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚያገለግለው።

ደረቅ_ጭነት | ረቡዕ ማታ 2:10
ሰማያዊው ላይ ኬፒ2ኬ-20 ይላል። ቀዩ ላይ ግን "ሊቲየም ቁጥር 2" እና የአንበሳ ስዕል ብቻ ነው ያለው ሃሃ

እሺ አሁን ጋራዥ ውስጥ የሚሰራውን ስጡኝ በናታችሁ።

ላብ_ኮት | ረቡዕ ማታ 3:25
እሺ። ይሄ ቁጥር አይሰጥህም፣ ሁለቱን ያወዳድርልሃል፣ ቁጥሩን የምታምነው ሶስተኛ ግራሶ ካለህ እሱንም አብረህ አስገባው።

ሁለት ወፍራም የመስታወት ቁራጭ፣ አንድ ትልቅ ሮንዴላ፣ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ፣ ማስመሪያ። ሁለቱን ግራሶ ከማታው ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ አሳድራቸው፣ አንዱ ፀሐይ ላይ አንዱ ጥላ ውስጥ ከነበሩ ምንም አታወዳድር። ከየባልዲው ትንሽ አውጥተህ ሳህን ላይ በስፓቹላ እኩል እሻቸው። ሮንዴላውን መስታወቱ ላይ አስቀምጠህ ቀዳዳውን በግራሶ ሙላ፣ ከላይ ላጨው፣ ሮንዴላውን ቀስ ብለህ አንሳ፣ እንክብል ትሆንልሃለች፣ መጠኑ ሁሌ እኩል ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛውን መስታወት ከላይ አድርገህ የውሃውን ፕላስቲክ አቁምበት፣ አንድ ደቂቃ ቆጥረህ አንሳ፣ የተዘረጋውን ክብ በሁለት አቅጣጫ ለካ። ሰፋ ያለው ለስላሳው ነው። ደጋግመው፣ አንዴ ሰርተህ አትመን።

እግረ መንገድህን የዘይት አወጣጡን ማየት ከፈለግክ ያንኑ እንክብል ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ 60 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ነገር ላይ 2 ሰዓት ተወው፣ ዙሪያውን የሚሰራውን የዘይት ቀለበት ለካ። በጣም የሚሰፋም ጭራሽ የማይወጣም ጥሩ አይደለም።

ዝናብ_ሀገር | ረቡዕ ማታ 3:50
ለክሩ ደግሞ ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ) አላችሁ አይደል? ሁለቱ መንጋጋ ላይ ሁለት እኩል ሳንቲም በሱፐር ግሉ ለጥፍ፣ በቤንዚን በደንብ አጽዳቸው፣ በዚያችው ሮንዴላ የለካሃትን ግራሶ መሃል አድርገህ ሁለት ሚሊሜትር እስኪቀር ዝጋው። ከዚያ እጀታውን በእኩል ፍጥነት እያዞርክ ክፈት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጥ፣ ስልክህን ስሎው ሞሽን ላይ አድርገህ ቅረጸው። ክሩ የተበጠሰበትን ቪዲዮው ላይ ታነባለህ። ከዚያ ሳንቲሞቹን እያቸው፣ ሁለቱም ላይ ግራሶ አለ ወይስ አንዱ ንጹህ ወጥቷል።

ሌላ ነገር፣ ከሞዞ የወጣ የድሮ ቀይ ካለህ እሱንም ሳበው። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ሲፈጩ ይቆረጣሉ፣ አንዴ ከተቆረጡ አይመለሱም። አዲሱ ላይ ያየኸው ክር መንገድ ላይ ይቀጥላል አይቀጥልም የሚለውን እሱ ይነግርሃል።

በረሃ_ጋራዥ | ሐሙስ ጠዋት 1:20
እኔ ዱባይ ነው የምሰራው። እዚህ በበጋ ባልዲው ራሱ ዘይት ይተፋል፣ ላዩ ላይ ኩሬ ይሰራል። ትንሽ ከሆነ መልሰን እናዋህደዋለን፣ ብዙ ከሆነ አንነካውም። እናንተም ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ክዳኑንም ዝጉ፣ አቧራ የገባበትን ግራሶ የሚያድን ቁጥር የለም።

ደረቅ_ጭነት | ቅዳሜ ቀን 9:15
ሰራሁት። ልጆቹም ሾፌሮቹም ከበውኝ ነበር፣ አንዱ ሾፌር ውሃውን ራሱ ነው የደቀነው እንዳታታልል ብሎ።

መስታወቱ ላይ ቀዩ ሰፋ፣ ሰማያዊው ጠበበ። ደጋግመን ሰራነው፣ ቦታም ቀያየርን፣ ሁሌ ያው ነው። ማለት "ውሃ ነው" የተባለው ሰማያዊው ነው ጠንከር የሚለው። ሁሉም ዝም አሉ ሃሃሃ። ሞርሳው ላይ ግን ቀዩ ኮራ፣ ክሩ ረዘመ፣ ሰማያዊው ቶሎ ነው የተበጠሰው፣ ቢሆንም ሁለቱም ሳንቲም ላይ ግራሶ ቀርቷል፣ የተራቆተ ብረት የለም።

ከዚያ ትናንት ከጅቡቲ የተመለሰ ተሳቢ ሞዞ ከፍተን የወጣውን ቀይ ሞርሳው ላይ አደረግነው። ጠቆር ብሏል፣ ክር የሚባል ነገር የለውም፣ እንደ ሰማያዊው ነው ቁርጥ ያለው፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ ከአዲሱ ቀይ በጣም ሰፋ። ቆሻሻ ስላለበት ይሆናል ብዬ ከመሃል ንጹህ የሚመስለውን አውጥቼ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ላብ_ኮት | ቅዳሜ ቀን 9:40
በጣም ጎበዝ፣ የመጨረሻዋ ነች ዋናዋ። ክሩም ጠፍቷል፣ ውፍረቱም ወርዷል። ሰማያዊውም አንድ ዙር ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ያንኑ አድርግበት እንጂ አሁኑኑ አታንግሰው፣ አዲስ ሆኖ ማማር ሁሉም ያምራል።

ስትቀይር ደግሞ አደራ፣ የድሮውን ጠርገህ በደንብ አጥበህ፣ አድርቀህ ነው የምትሞላው። ቀዩ ውስጥ ምን ሳሙና እንዳለ አናውቅም፣ ባልዲው ሊቲየም ስላለ ሊቲየም ነው ማለት አይደለም። ሊቲየምና ሸክላ ያለው ግራሶ ለምሳሌ ሲደባለቁ ሁለቱ ለየብቻ ደህና የነበሩት አንድ ላይ ሊላሉ ይችላሉ። ከፈለግክ ግማሽ በግማሽ ቀላቅለህ መስታወቱ ላይ ሞክረው፣ ከሁለቱም የሚሰፋ ከሆነ አይስማሙም።

ሸንኮራ_ጥገና | ቅዳሜ ቀን 10:05
ሞዞውንም እስከ አፍ አትጠቅጥቁት እባካችሁ። ሮለሮቹ መሃል በደንብ አስገቡ፣ ባዶ ቦታውን ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ከፓራኦሊዮ የሚወጣው ግራሶው ስለላላ ሳይሆን መሄጃ ስላጣ ነው።

ጋሽ_ክሮቸራ | ቅዳሜ ማታ 12:30
ቀዩን ግን አትጣሉት። ለባሌስትራ ፒንና ተሳቢው ለሚቀመጥበት ሳህን ከሱ የተሻለ የለም፣ እዚያ ጋ ክፍት ነው፣ ዝናቡም አቧራውም ያገኘዋል፣ የሚሳብ ነው የሚፈልገው። ሞዞውን እናንተ እንዳላችሁ አድርጉ። ያንን የሞርሳ ነገር ግን እኔም እሞክረዋለሁ፣ ከነጋዴው ፊት።

ደረቅ_ጭነት | ቅዳሜ ማታ 1:15
እሺ ጋሼ፣ እንደሱ ነው የተስማማነው። ሰማያዊው ለሞዞ፣ ቀዩ ለፒንና ለሳህኑ፣ ፓምፖቹንም ለየብቻ አድርገን ቀለም ቀባንባቸው እንዳይደባለቅ። አንዱ ሾፌር ብቻ ነው እምቢ ያለው፣ የሱን ሞዞ በቀዩ ሞላንለት፣ ሁለቱ ሲመለሱ ከፍተን እናያለን።

ጎማ_አልባ | እሁድ ጠዋት 3:00
መስታወቱን ከየት አመጣኸው? እኔ የመስኮት መስታወት ሞክሬ የውሃው ክብደት ሰነጠቀው

ደረቅ_ጭነት | እሁድ ጠዋት 3:20
የመስኮቱ ቀጭን ነው አይሆንም። አልሙኒየም በር የሚሰሩ ቤቶች ጋ ሂድና የጠረጴዛ መስታወት ቁራጭ ጠይቅ፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነውን፣ ትራፊ ስለሆነ እኔን በነፃ ነው የሰጡኝ። ጠርዙን እዚያው አስላጠው፣ እጅ ይቆርጣል።